ሳረንስትና ቀይ ቀበሮ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር)



ለዛሬ ሁለት ፍጥረታትን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመለከታለን። አንዱ በግንብ ሥርና በአስፋልት ስንጥቅ ላይ የሚለጠፈው ብርማ ሳረንስት ነው፤ ፈረንጆቹ ሞስ ይሉታል። ሌላው ከአገራችን ደጋማ ተራሮች በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ነው።

በሳይንሱ አመዳደብ ሁለቱ የሚለያዩት ገና ከላይኛው እርከን ነው። ሳረንስቱ ከዕፅዋት፣ ቀበሮው ከእንስሳት ስፍን ይመደባሉ። ሳረንስቱን ሄድዊግ በ1801 እ.ኤ.አ. ብራዩም አርጀንቴዩም ብሎ መዝግቦታል። እውነተኛ ሥር የለው፣ አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፤ ውኃን በገላው መጥጦ በብናኝ ስፖር ይራባል። ሲደርቅ የሞተ ይመስላል፤ ጠብታ ሲያገኝ ግን ይለመልማል። ቀበሮውን ደግሞ ሩፔል በ1840 ካኒስ ሲመንሲስ አለው። ከአጥቢዎች መደብ፣ ከውሾች አስተኔ ነው። ቀበሮ እንለዋለን እንጂ በዝምድናው ለተኩላ ይቀርባል።

ታዲያ ለመጥፋት የቀረበው የትኛው ነው? ያ የምንረግጠው ሳረንስት በሁሉም አህጉር፣ በአንታርክቲካም ጭምር ይበቅላል፤ አያሰጋም። አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ግን ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩም በባሌ ተራሮች ይኖራል። በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ሰፍሯል።

የግጦሽና የእርሻ መስፋፋት መኖሪያውን አጥብቦበታል። በድንገት የሚፈጀው ግን ከቤት ውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በቡድን ስለሚኖር አንዱ ከያዘው ለሌላው ያዳርሳል። ባሌ ላይ በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. የተነሱት ወረርሽኞች ብዙዎቹን ጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ይመጣል። ከብት የሚጠብቅ ውሻ መያዝ በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው፤ በደጋው የሚኖሩ ወንድሞቻችንም ያለ ውሻ በጎቻቸውን ከጅብ ማዳን ይቸገራሉ። ስለዚህ ውሻችሁን አስወግዱ አንልም። አስከትቡት፣ አብሉት፣ ቀበሮው ወዳለበት መስክ እንዲሁ አትልቀቁት እንላለን። የተራበ ውሻ ፍልፈል ፍለጋ ይወጣል፤ ከቀበሮው ጋር የሚገናኘውም እዚያው ነው።

ክትባቱ ለልጆቻችንም ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።