የጎመን ትልና የደብተሬ ሒሳብ

እህቶቼ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጎመን ልናገር ስትል አትሣቁ፤ የከሰርሁበትን ነው የምነግራችሁ።

አምና በበጋ፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ጓሮዬ ላይ 40 እግር ጥቅል ጎመን ተከልሁ። ትል ገባበት። መድኃኒት ሦስት ጊዜ ገዝቼ ረጨሁ፤ ትሉ አልሞተም። ወጪውን ስደምረው ጎመኑን ቡሬ ገበያ ብገዛ ይሻለኝ ነበር። ከሁሉ የከፋው ቅጠሉን ለልጆቼ ለመስጠት መፍራቴ ነው።

ኋላ ሳነብ፣ ትሉን የምትፈለፍለው ትንሿ የእሳት ራት መድኃኒት ትለምዳለች። እ.ኤ.አ. በ1953 በጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሟ ተመዝግቧል።

ዘንድሮ አንዲት የማኅበራችን እናት እንዳሳዩኝ አደረግሁ። ችግኙን እንደተከልሁ እንጨት ቆልምሜ ያረጀ ነጠላ አለበስሁት፤ ጠርዙን በአፈር ያዝሁት። የእሳት ራቷ ገብታ እንቁላል አትጥልም። በየሁለት ቀኑ ጠዋት ገልጬ የቅጠሉን ጀርባ አያለሁ፤ እንቁላሉን እጨፈልቃለሁ፤ ትሉን ለዶሮ እሰጣለሁ። የተቆረጠውንም ግንድ ነቅዬ እቀብራለሁ። ልጆች የሚተኙበትን አጎበር ግን አደራ፣ አትንኩ!

ስድስት እግር ተበልቶብኛል። የቀረውን ግን ያለ ስጋት በላን።

በደብተሬ የመድኃኒት ወጪ ዜሮ ነው። የጠዋት ጉልበቴን ግን ጽፌዋለሁ፤ የሴት ጉልበት ነፃ አይደለምና እናንተም ጻፉት።