የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና የመሐንዲስ ኃላፊነት



የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሱት ያፈራቸው ምሁራን ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በኢሺኖማኪ ከተማ ሥር የነበረው የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን የሚታወሰው ለማደግ ባልታደሉ ሕፃናቱ ነው።

በ1985 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሕንፃ ባለ ሁለት ደርብና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት የቆመ ነበር። የሚገኘውም በኪታካሚ ወንዝ አጠገብ፣ ወንዙ ከባሕር ከሚገናኝበት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከበስተ ጀርባው ተማሪዎች ለትምህርት ይወጡበት የነበረ ኮረብታ አለ። ከተማው ባዘጋጀው የአደጋ ካርታ መሠረት ትምህርት ቤቱ የሱናሚ ውሃ ከማይደርስበት ክልል ውስጥ ይቆጠር ነበር፤ ለአካባቢው ሕዝብም መሸሻ ተደርጎ ተመድቦ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (2011 እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ሕንፃው አልፈረሰም። መምህራኑም ተማሪዎቹን ወደ ሜዳው አወጡ። ከዚያ በኋላ ወዴት ይኬድ ለሚለው ጥያቄ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ መመሪያ በአቅራቢያ ያለ ባዶ ቦታ ወይም መናፈሻ ከማለት አልፎ የተወሰነ ሥፍራ አያመለክትም ነበር። በኮረብታው ላይ ዛፍ እንዳይወድቅ ተፈራ። በመጨረሻም ከድልድዩ አጠገብ ወዳለው ከፍ ያለ ቦታ ጉዞ ተጀመረ። ነገር ግን 9 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ሲሆን ማዕበሉ ደረሰ። ከ108 ተማሪዎች 74ቱ፣ በሥፍራው ከነበሩት 11 መምህራንና ሠራተኞች 10ሩ ሞቱ ወይም የደረሱበት ጠፋ። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ 51 ደቂቃ ነበር፤ ኮረብታው ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያስኬድ ነበር።

የ23 ሕፃናት ወላጆች ጉዳዩን ለፍርድ አቀረቡ። በ2018 እ.ኤ.አ. የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥፋቱ ከአደጋው ቀን በፊት የተፈጸመ መሆኑን አስታወቀ፤ ትምህርት ቤቱና የከተማው የትምህርት ቦርድ የካርታውን ትክክለኛነት በራሳቸው መርምረው የመሸሻ ሥፍራና መንገድ አስቀድመው መወሰን ይገባቸው ነበር ሲል ፈረደ። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019 እ.ኤ.አ. ፍርዱን አጸናው። ትምህርት ቤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ፣ ፍርስራሹ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመታሰቢያ ክፍት ሆኗል።

ክቡራን ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ካርታው የተሣለው አስቀድሞ የተገመተን አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻ አድርጎ ነው። የመጣው ግን ከግምቱ እጅግ የከበደ ነበር። ባለሙያው በወረቀት ላይ ያሠመረው መሥመር የስሌቱን ወሰን ያሳያል፤ መምህሩና ወላጁ ግን የውሃው ወሰን አድርገው ያምኑታል። ስለሆነም ስሌቱ በምን ላይ እንደተመሠረተና ቢሳሳት ሕፃናቱ የሚሄዱበትን ሥፍራ አብሮ ያላስረከበ መሐንዲስ ሥራውን ፈጽሟል ሊባል አይገባም።