ፈቃድ ሰጪው ወላጅ፣ አስተርጓሚው ልጅ



በዴንቨርና በአውሮራ በሚኖሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ዘንድ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ ለወላጅ አንብቦ የሚያስረዳው ልጅ ነው። የስልክ መተግበሪያ የወላጅ ፈቃድ ሲጠይቅም አንባቢው ያው ልጅ ነው። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ንኪው» ይላታል፤ እናትም ትነካዋለች። በሰነድ ደረጃ ፈቃድ ተገኝቷል። ፈቃዱን በእርግጥ የሰጠው ግን ማን ነው? «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የፖሊሲ ጥያቄ ይሆናል።

ኮሎራዶ ልጆችን ከማኅበራዊ ሚዲያ ጉዳት ለመጠበቅ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በኦክቶበር 2023 ከሌሎች ግዛቶች ጋር በመሆን ፌስቡክንና ኢንስታግራምን በሚያስተዳድረው ሜታ ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሥርታለች። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተሞከሩት ሁለት ዐበይት እርምጃዎች እንቅፋት ገጥሟቸዋል።

የመጀመሪያው በ2024 የወጣው ሕግ ቁጥር 24-1136 ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጠቃሚ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ሰዓት ሲሞላው፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲጠቀም፣ ማስጠንቀቂያ እንዲታየው ያዝዝ ነበር። ይህ ድንጋጌ በጃንዩዋሪ 2026 ሥራ ላይ ሊውል ሲል፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት የመናገር ነፃነትን በሚመለከት ክርክር በኖቬምበር 2025 አግዶታል። ሁለተኛው ረቂቅ ሕግ 25-086 ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች ቢያጸድቁትም አገረ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ በኤፕሪል 24 ቀን 2025 ውድቅ አደረጉት። ሴኔቱ ውሳኔያቸውን ለመሻር ድምፅ ቢሰጥም የተወካዮች ምክር ቤቱ አልተከተለውም።

እንግዲህ በእጅ ያለውን መመርመር ይገባል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው ሕግ 24-041፣ ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ የልጆችን የአጠቃቀም ጊዜ ሆን ብሎ የሚያራዝም አሠራር እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። ዕድሜው ከ13 በታች ለሆነ ልጅ ፈቃጁ ወላጅ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ታዳጊው ራሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሁኔታ ወላጅ ሳያነብ ይፈቅዳል፤ በሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ አይጠየቅም። ለሁለቱም መድኃኒቱ ወላጅ አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ ማወቁ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ተግባራት ይጠበቃሉ።

አንደኛ፣ ሕግ 24-1136 የግዛቱ ትምህርት ቢሮ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ ልጆች ጤና የትምህርት ማቴሪያሎች ክምችት እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። ከክምችቱ ለወላጆች የሚሆነው ክፍል በአማርኛም ይቅረብ፤ ለማንበብ ለሚቸገሩ ደግሞ በድምፅ።

ሁለተኛ፣ ሕግ 25-1135 የትምህርት አስተዳደሮች እስከ ጁላይ 1 ቀን 2026 ድረስ የተማሪዎችን የስልክ አጠቃቀም የሚመለከት ፖሊሲ እንዲያወጡ ያስገድዳል። የዴንቨር፣ የአውሮራና የቼሪ ክሪክ አስተዳደሮች ፖሊሲያቸውን ከማጽደቃቸው በፊት ወላጆችን በአስተርጓሚ ያነጋግሩ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ ስድስት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ ጠቃሚ መረጃን በሚገባው ቋንቋ እንዲያደርስ ግዴታ ጥሎበታልና፣ ይህ የችሮታ ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ወደፊት የወላጅን ፈቃድ የሚጠይቅ ማንኛውም ረቂቅ ሕግ፣ ፈቃዱ የሚጸናው ወላጁ በሚያነበው ወይም በሚሰማው ቋንቋ ሲቀርብለት መሆኑን በግልጽ ይደንግግ።

ትርጉም ብቻውን ልጅን አያድንም፤ ኩባንያዎችም ስለ አሠራራቸው ከመጠየቅ አይድኑም። ነገር ግን ወላጅን ጠባቂ አድርጎ የሾመ ሕግ፣ ጠባቂው የተሰጠውን አደራ ምንነት እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታ አለበት። ይህ እስካልሆነ ድረስ አደራው የሚወድቀው በአሥር ዓመቱ አስተርጓሚ ትከሻ ላይ ነው።