ዳንኤል ባቢሎን ከመድረሱ በፊት
(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለወላጆች የተዘጋጀ)

የዛሬው መልእክት ለወላጆች ነው። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አታስወጧቸው፤ ስለ እነርሱ ስለሆነ እነርሱም ይስሙት።

የትንቢተ ዳንኤልን ምዕራፍ 1 ብዙዎቻችን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ጥራጥሬውንና ውኃውን ሁሉም ያስታውሳል። ዛሬ ግን ጥራጥሬውን እናቆየውና ከእርሱ በፊት ያለውን እንይ። ናቡከደነፆር ለቤተ መንግሥቱ ብላቴኖችን ሲያስመርጥ መስፈርት ሰጥቶ ነበር፤ ጥበብ ያላቸው፣ ዕውቀት የሞላባቸው፣ አስተዋዮች እንዲሆኑ። የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ለሦስት ዓመት የሚማሩት ከዚያ በኋላ ነው። ልብ በሉ! ያ ሦስት ዓመት እንደ ዛሬ አነጋገር ዩኒቨርሲቲ ነው። ዳንኤል ግን ለመግቢያው የተዘጋጀው ባቢሎን ደርሶ አይደለም። ገና በአገሩ ሳለ፣ ልጅ ሳለ፣ ፊደል ያስቆጠረው፣ ያስነበበው፣ እምቢ ማለትንም ያስለመደው ሰው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ የዚያን ሰው ስም አልጻፈም። ሥራውን ግን በልጁ ላይ አሳይቶናል።

ወገኖቼ፣ ፈተና ሲደርስ በየአጥቢያችን የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ፊት ይወጣሉ፣ ሽማግሌዎች እጅ ይጭናሉ፣ እስክሪብቶ ይዞ የሚመጣም አለ። እናቶች ይጾማሉ። መልካም ነው፤ እኔም አብሬ እጸልያለሁ። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ይኸው ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ንባብ ሲቸግረው ማን ጾመለት? ስድስተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ሲምታታበት ማን አጠገቡ ቁጭ አለ? ገበሬ ሰኔን ተኝቶ አሳልፎ ኅዳር ላይ ለምርት ሱባኤ ቢገባ ጎረቤቱ ምን ይለዋል? እኛ ግን ለልጆቻችን እንዲህ ስናደርግ እምነት እንለዋለን።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተነገረበትን ቀን የሚረሳ ያለ አይመስለኝም። ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። አንዳንዱ ፈተናው ከበደ አለ፤ አንዳንዱ መምህሩን፣ አንዳንዱ መንግሥትን፣ አንዳንዱ ጦርነቱን ወቀሰ። በየወቀሳው ውስጥ እውነት አለ፤ ጦርነት ባለበት አካባቢ ስለተማረ ልጅ ማንም ወላጁን ሊወቅስ አይገባም። ነገር ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ። ከዚያ በፊት ፈተና ይሰረቅ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ እስከ መሰረዝ ተደርሷል። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተወስደው መፈተን ሲጀምሩ ኩረጃው ጠበበ፤ ተሸፍኖ የኖረው ታየ። ያ 3.3 በመቶ በአንድ ሳምንት የመጣ አይደለም።

ከመቼ መጣ? በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተጻፈው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ በዚያው ዓመት ስምንት ዓመት ገደማው ነው። አሥር ዓመት ጨምሩበት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚጀመረው የት እንደሆነ አያችሁ?

ስለዚህ ልጃችሁ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ከሆነ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምንም አታውሩለት። አስነብቡት። በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም» የምትሉኝ እናቶች አላችሁ። እናንተን ነው የምፈልጋችሁ! ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ጠርቷል፤ ልጁ ከሕፃንነቱ መጻሕፍትን ያወቀው በዚያ ቤት ነው። እንጀራ እየጋገራችሁ «አንብብልኝ» በሉት። ሲደነቃቀፍ ይሰማችኋል፤ ለመስማት ዲግሪ አያስፈልግም። ሲጨርስ «ምን አለ? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» በሉት። መናገር ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው፤ እንደገና ያንብብ። መጽሐፍ ቅዱሱ አለ፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አለ፣ ሌላው ቀርቶ የሱቅ ማስታወቂያም ይነበባል። እግዚአብሔር በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ለልጆች አስተምሩ ያለው በቤት ስትቀመጡ፣ በመንገድ ስትሄዱ፣ ስትተኙና ስትነሡ ነው። የተለየ ክፍልና የተለየ አስጠኚ ቅጠሩ አላለም። (አስጠኚ መቅጠር ከቻላችሁ ጥሩ ነው፤ ግን አስጠኚ ቀጥሮ ልጁን ከዓመት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይጠይቅ አባት አለ። ክፍያውን ብቻ ነው የሚያውቀው።)

እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ክልል ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ድንገት የሚደርስበት ልጅ ትምህርቱን ሳይሆን ቋንቋውን ሲታገል ጊዜው ያልቃል። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በቀን አምስት ቃል በደብተር ቢጽፍ፣ ዓመቱ ሲዞር ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። በብዙ ክርስቲያን ቤት ማታ ወንዱ ያጠናል፣ ሴቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቡና ታፈላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ታናናሾቿን ታስተኛለች፤ ከዚያ አራት ሰዓት ላይ ደብተር ስትከፍት ዓይኗ ይከደናል። ውጤት ሲመጣ «ሴት ልጅ ሒሳብ አይሆንላትም» ይባላል። ይህ ኃጢአት ነው፤ ለስላሳ ስም አልፈልግለትም። ሥራውን ለሁለቱም አካፍሉ። ወንዱም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ልብሱን የሚያጥብለት እናቱ አትከተለውም፤ አሁን ይልመድ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ብቻ የእናንተ ያልተፈጸመ ሐኪም የመሆን ምኞት የልጁ ጥሪ እንዳይመስላችሁ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ጌታ ግንብ ሊሠራ አስቦ አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ኪሳራውን ስለሚቆጥር ሰው ተናግሯል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ መጋራት ይፈርማል፤ ዕዳውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። እስከዚያ ግን ትራንስፖርቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ሳሙናው ከእናንተ ኪስ ነው፤ ምደባው ሩቅ ከሆነ ይብሳል። ለሠርግ ዕቁብ እንገባለን፤ ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ለዚህ አንድ ትንሽ ዕጣ ብንጀምርስ?

ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ እምቢ ያለው ወላጆቹ በማያዩት አገር ነው። የእናንተም ልጅ ዶርም ሲገባ የሚያየው የለም። በቴሌግራም «መልስ አለን» የሚሉ አሉ፤ ብር ከፍሎ የገዛ ወላጅ ልጁን ለባቢሎን በገዛ እጁ አሰናዳው። አስቀድማችሁ በየግቢው ስላለው የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት፣ ስለ ኢቫሱም ንገሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ማን ጋ እንደሚሄድ ይወቅ።

ባለፈው አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል፦ «ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች፤ የሚሉት ሁሉ ለእኔ አልፎኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ ሆይ፣ አላለፈዎትም። ፈተናው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ትጀምር፣ ሳታፍር። በአንድ ጊዜ ሁሉን አትያዝ፤ በጣም የሚከብዳትን አንዱን ትምህርት ትምረጥ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ትስጠው። ስልኩ ማታ እርስዎ ጋ ይደር። በአጥቢያዎ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶች አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት እንዲያስጠኗት ይጠይቋቸው፤ የሽማግሌዎችን ፈቃድ ካስፈለገ ሽማግሌዎችን ያነጋግሩ፤ አዳራሹ ቅዳሜ ባዶ ነው። 50 ባታመጣ፣ ለተጠጉት የሪሚዲያል ትምህርት አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም አለ፤ ድጋሚ መፈተንም አለ። ይህንንም ይንገሯት፦ ውጤቷ ምንም ይሁን ምን በዚህ ቤት ያላት ስፍራ አይቀነስም። ይህን ግን ውጤቱ ከመለቀቁ በፊት፣ ቢቻልዎት በዚህ ሳምንት ይንገሯት። ከተለቀቀ በኋላ ቢነግሯት ማጽናኛ ነው የሚመስላት።