ፔንግዊኖች ዕንቁላል የሚጥሉባቸው ስፍራዎችና የመንጎቻቸው ስርጭት፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የተደረገ ዲስኩር



 አርእስቱ በመጥሪያው ወረቀት እንደ ተመለከተው፣ ፔንግዊኖች ዕንቁላል የሚጥሉባቸው ስፍራዎች የትና ስለ ምን እንደ ሆኑ፣ መንጎቻቸውም በምድር ላይ እንዴት እንደ ተሰራጩ መመርመር ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ወዳጄ ይህን አርእስት ባየ ጊዜ «ሲልቨር ስፕሪንግንና ፔንግዊንን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ነገር ግን በዚህ ከተማ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄድ ሰው፣ ከታላቅ የነሐስ መዳፍ ውስጥ የባሕር ወፎች ሲነሡ የሚያሳየውን ሐውልት ሳያይ አያልፍምና፣ ሐውልቱ የቆመበት ግቢ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ፣ መሥሪያ ቤቱም በደቡብ ውቅያኖስ ያለውን የዓሣና የክሪል ሀብት፣ በዚያም ሀብት የሚኖሩትን ፔንግዊኖች የሚመረምሩ ሊቃውንት እንዳሉት ቢያስብ፣ የወዳጄ ጥያቄ ራሱ ይቀልለታል። ከወንዙ ማዶ በአሌክሳንድሪያ ደግሞ በ2017 ወደዚያ የተዛወረው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አለ፤ የአሜሪካን የአንታርክቲካ ምርምርና የማክመርዶን ጣቢያ የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። በእናንተ መካከል በታክሲ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አሌክሳንድሪያ ያደረሳችሁት አንድ ሻንጣው የበዛ መንገደኛ ምናልባት ከበረዶው አገር የተመለሰ ሰው ኖሮ ይሆናል። አንታርክቲካ ለሰላምና ለዕውቀት ብቻ እንድትውል አሥራ ሁለት መንግሥታት ቃል የተገባቡበት ውልም የተፈረመው ታኅሣሥ 1 ቀን 1959 በዋሽንግተን ከተማ ነው። በአጎራባቻችን በቼቪ ቼዝ ሮን ናቪን የተባሉ የሕግ ሰው ያቋቋሙት ኦሺያናይትስ የተባለ ማኅበር፣ ከ1994 ጀምሮ በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ላይ ያሉትን የወፎች ጎጆ እየዞረ ሲቈጥር ኖሯል። ስለዚህ እንግዳው ፔንግዊን አይደለም፤ እንግዶቹ እኛ ነን።

እኔ ብዙ ዘመን የኖርኩበት ሙያ ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ማንበብ ነው፤ ዛሬም ከዚያ ርቄ ለመናገር አልችልም። ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በግሪንቤልት ያለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ብዙ የደከመበት የላንድሳት ሳተላይት፣ የመጀመሪያው በሐምሌ 1972 ከተመነጠቀ ጀምሮ፣ ምድርን ያለማቋረጥ ሲመለከት ይኖራል። ሆኖም ይህ ዓይን የሚያየው ነገር ሁሉ በሠላሳ ሜትር በሠላሳ ሜትር የተከፋፈለ ነው፤ ቁመቱ ሰባ ሳንቲ ሜትር የሚሆን አዴሊ የተባለ ፔንግዊን በዚያ ሥዕል ውስጥ ከቶ ሊታይ አይችልም። ታዲያ ሳይታይ እንዴት ተቈጠረ?

ወፉን የሚገልጠው ኩሱ ነው። እናቶቼ ይቅር በሉኝ፤ በተከበረ ጉባኤ ፊት ደጋግሜ ኩስ ማለት ግድ ይሆንብኛል። አዴሊ ከበረዶ ነጻ በሆነ ዐለት ላይ ጠጠር እየለቀመ ጎጆውን ይሠራል፤ በየዓመቱም ወደዚያው ስፍራ ይመለሳል፤ ክሪል የተባለውን ቀይ የባሕር ፍጥረት አብዝቶ ስለሚበላ ኩሱ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም አለው። በሺህ የሚቈጠር ጥንድ በአንድ ተዳፋት ላይ ለወራት ሲሰነብት፣ ዐለቱ የራሱን መልክ ያጣና የብርሃን አመላለሱ በዙሪያው ካለው ድንጋይም በረዶም የተለየ ይሆናል፤ ይልቁንም ዓይናችን በማያየው፣ ሳተላይቱ ግን በሚለየው የብርሃን ክፍል ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በደቡብ ጎንደር ወይም በጎጃም የተጓዘ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ገና ሳያይ፣ በተራቈተው እርሻ መካከል ዙሪያውን የከበበውን የጽድና የወይራ ደን አይቶ በሩቁ ተሳልሞ እንደሚያልፍ፣ እንዲሁ የሥዕሉ አንባቢ ወፉን ሳያይ መንደሩን ያውቃል።

ይህን ሐሳብ በ1980ዎቹ በተግባር ከፈተኑት ሰዎች አንዱ፣ ኋላ በዚሁ በጎዳርድ ያገለገሉት ማቲው ሽዋለር ናቸው። በዚያን ዘመን አንድ የላንድሳት ሥዕል ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ስለ ነበር፣ የአንድ ክፍለ ዓለምን ጠረፍ ሁሉ መመርመር የሚታሰብ አልነበረም። የሥዕሉ መዝገብ በ2008 ለማንም በነጻ ሲከፈት ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ሽዋለርም ከስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ከሄዘር ሊንች ጋር ሆነው፣ ኮምፒውተር የኩሱን ቀለም በጠረፉ ሁሉ እንዲፈልግ አደረጉ። ኮምፒውተሩም በልሳነ ምድሩ ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ፣ ጄምስ ክላርክ ሮስ በ1842 «የአደጋ ደሴቶች» ብሎ በሰየማቸው ትናንሽ ዐለቶች ላይ፣ ማንም ያልጠበቀውን ብዛት አመለከተ። ምልክቱ ስሕተት እንዳይሆን ለማረጋገጥ አንድ ቡድን በታኅሣሥ 2015 ወደ ስፍራው ተጓዘ፤ በእግር ቈጠረ፣ ከድሮን ፎቶግራፍ አነሣ። በመጋቢት 2018 የታተመው ውጤት 751,527 ጥንድ ነበር፤ ይህም በልሳነ ምድሩ በሌላው ክፍል ሁሉ ካሉት አዴሊዎች ድምር የሚበልጥ ነው።

ጋዜጦቹ ያን ጊዜ «አዲስ ግኝት» ብለው ጮኹ፤ እኔ ግን በዚህ አነጋገር አልስማማም። ደሴቶቹን መርከበኞች ያውቋቸዋል፤ ወፍ እንዳለባቸውም የሚያውቅ ነበረ። ያልታወቀው ስንት እንደ ሆኑ ነው፤ ያልታወቀበትም ምክንያት የዌዴል ባሕር በረዶ በበጋም እንኳ መርከብ ስለማያሳልፍ ነው። ያው በረዶ ዓሣ አጥማጁን ከልክሎ ክሪሉን ለወፎቹ ጠብቆላቸዋል። በልሳነ ምድሩ ምዕራብ፣ ባሕሩ በሞቀበትና በረዶው በሳሳበት ወገን፣ አዴሊዎች ሲመናመኑ ጄንቱ የተባለው ዘመዳቸው ሲስፋፋ የታየውን ስናስተያይ፣ የአንድ መንጋ መኖሪያ የሚወሰነው በዐለቱ ደኅንነትና በማዕዱ ርቀት መሆኑን እንረዳለን። በታኅሣሥ 2018 በዋሽንግተን በተደረገው ታላቅ የምድር ሳይንስ ጉባኤ ላይ ሊንችና ባልደረቦቻቸው ሁለት ነገር ጨመሩ፤ አንደኛው፣ በደሴቶቹ ላይ ወፎቹ ከ2,800 ዓመት በፊት ጀምረው እንደ ነበሩ፤ ሁለተኛው፣ ቍጥራቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከፍ ብሎ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየቀነሰ መምጣቱን። በዚያው ጉባኤ ከኩሱ ቀለም ወፎቹ ክሪል ወይስ ዓሣ እንደ በሉ ማንበብ እንደሚቻልም ተነገረ። እንግዲህ ያ የናቅነው ነገር የት እንደሚኖሩ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚመገቡም ይመሰክራል ማለት ነው።

የዐለቱንና የማዕዱን ነገር ካነሣሁ ዘንዳ፣ ከመንገዴ ወጣ ብዬ ወደ ሻላ ሐይቅ እንድሄድ ፍቀዱልኝ። በተማሪነቴ ከሐይቁ ዳር ቆሜ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ምድሩን ስታሞቅ ነጫጮቹ ፔሊካኖች ከደሴቶቻቸው ተነሥተው፣ በሚያርገው የሞቀ አየር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ከፍ ሲሉ፣ ከዚያም ወደ አብያታ ሐይቅ ሲያዘቀዝቁ ተመልክቻለሁ። ሻላ ጥልቅ ነው፤ ደሴቶቹም አውሬ የማይደርስባቸው ናቸው፤ ዓሣ ግን አይበዛበትም። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ በዚያን ዘመን ግን ዓሣ ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ወላጆቹ በአንዱ ሐይቅ ልጅ እያሳደጉ ከሌላው ሐይቅ ቀለብ ያመላልሱ ነበር። ሌስሊ ብራውንና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል ኧርባን ይህን ሁሉ በጥንቃቄ አጥንተው በ1969 አሳትመውታል፤ ለአገራችን ሥነ ፍጥረት እንደዚህ ያለ ትዕግሥተኛ ሥራ የተሠራለት ጊዜ ብዙ አይደለም። ኋላ ግን አብያታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከራሱ ከሐይቁ ውኃ እየሳበ አብያታ ሸሸ፤ ጨውነቱም በረታ፤ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይነቃነቅ የፔሊካኖቹ ብዛት ተመናመነ። የአንታርክቲካን ካርታ ስመለከት ብዙ ጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ነው፤ ደሴቱን ብቻ የሚጠብቅ ሕግ ግማሹን ብቻ ይጠብቃል።

የንጉሠ ነገሥቱ ፔንግዊን፣ እንግሊዞች ኤምፐረር የሚሉት፣ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዐለትም ጎጆም የለውም። ከጠረፍ ጋር በተጣበቀ የባሕር በረዶ ላይ፣ በጨለማው ክረምት፣ እንስቲቱ አንድ ዕንቁላል ጥላ ወደ ባሕር ትሄዳለች፤ ተባዕቱም ሁለት ወር ያህል ሳይበላ ዕንቁላሉን በእግሮቹ ላይ አኑሮ ይታቀፈዋል። በ1911 ዊልሰን፣ ባወርስና ቼሪ ጋራርድ የተባሉ ሦስት ተጓዦች ከዚህ ዕንቁላል ለማግኘት ሲሉ አምስት ሳምንት በክረምቱ ጨለማ ተጉዘው፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ እስኪያልፍ ድረስ ታግሠው፣ ከኬፕ ክሮዚየር ሦስት ዕንቁላል ይዘው ተመለሱ። (ዊልሰንና ባወርስ በሚቀጥለው ዓመት ከመሪያቸው ከስኮት ጋር ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ በበረዶ ላይ ሞቱ።) እነዚያ ሰዎች በነፍሳቸው የከፈሉትን ዋጋ ሳስብ፣ በሞቀ ክፍል ተቀምጬ ሥዕል ማንበቤ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን በ2009 የብሪታንያ ሊቃውንት ፍሬትዌልና ትራታን፣ በላንድሳት ሥዕል ላይ በረዶውን ያቈሸሸውን ቡናማ ነጠብጣብ ተከትለው፣ 38 መንጋ ያገኙትና ዐሥሩ ከዚያ በፊት ያልታወቁ የነበሩት ከዚሁ ካልከበረ ሥራ የተነሣ ነው። በ2012 ወፎቹ ከጠፈር ተቈጥረው 595,000 ያህል መሆናቸው ተገመተ፤ በ2024 አራት ተጨምረው የታወቁት መንጎች 66 ደረሱ። ሥዕሉ ኀዘኑንም ያሳያል፤ በሃሊ ባሕረ ሰላጤ በረዶው በ2016 ከተሰበረ በኋላ ጫጩቶቹ ለሦስት ዓመት ያህል ሳያድጉ ቀሩ፤ በ2022 በቤሊንግስሃውዘን ባሕር ካሉት አምስት መንጎች አራቱ፣ በረዶው ጊዜው ሳይደርስ ስለ ቀለጠ፣ ልጆቻቸውን አጡ።

የጉባኤው መሪ ሰዓታቸውን ሲመለከቱ አያለሁ፤ የአርእስቱም ግማሽ ገና አልተነካም። ስለዚህ ስርጭቱን በሩጫ ልናገር። ፔንግዊኖች እንደ ብዙዎቹ ሊቃውንት አቈጣጠር 18 ዓይነት ናቸው፤ ኤምፐረርና አዴሊ ብቻ የአንታርክቲካ ጠረፍ ሁሉ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ የቀሩት በልሳነ ምድሩ፣ በደቡብ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ በኒው ዚላንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በቺሊ፣ በፔሩና በአርጀንቲና ጠረፍ ተበትነዋል። የጋላፓጎሱ ወደ ምድር ወገብ ቀርቦ በእሳተ ገሞራ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ዕንቁላሉን ይጥላል። የሁሉም መስመር የሚከተለው ቀዝቃዛውንና ምግብ የሞላበትን ባሕር ነው፤ ለጋላፓጎሱም ጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ ባይወጣለት አይኖርም ነበር።

በአህጉራችን በአፍሪካ የሚኖረው አንድ ብቻ ነው፤ በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ። እርሱ ጎጆውን ይቆፍር የነበረው ከጥንት ጀምሮ በተከማቸው ኩስ ውስጥ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ነጋዴዎች ኩሱን ለማዳበሪያ ጠርገው ስለ ወሰዱት፣ ወፉ ከፀሐይና ከአዳኝ የሚሰወርበት አጣ። ሰርዲኑና አንቾቪው ሲቀንስ ደግሞ ችግሩ ተደራረበ፤ ጥንዶቹ ከ10,000 በታች በመሆናቸው በጥቅምት 2024 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል ተመዘገበ። ከዚህ ዓይነት በሰሜን አሜሪካ በሰው እጅ ከተያዙት ትልቁ መንጋ ያለው በባልቲሞር በሚገኘው በሜሪላንድ የእንስሳት ማቆያ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ከዚህ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። የላንድሳት መዝገብ ዛሬም በነጻ ነው፤ አገራችንም በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት ልካ ሥዕሉን በእንጦጦ ስትቀበል ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለውን የአብያታን ጠረፍ በዓመት በዓመት ለይቶ መሣል የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ ከቡናው በኋላ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ያገኘኛል። ኮምፒውተሬን ይዤ መጥቻለሁ።