ሚዛኑን ማን ሠራው?

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

ይህን ወረቀት ታክሲ ውስጥ የምታነቡ፣ ሱቅ ደጃፍ ደንበኛ እየጠበቃችሁ የምታነቡ፣ ወይም ሰው እጃችሁ ላይ አስቀምጦላችሁ የሄደ ሁሉ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።

የዛሬው መልእክት የተነሣው አንድ አድማጭ ደውሎ ካቀረበው ጥያቄ ነው። ስሙን አልጠራም። ፒያሳ፣ አትክልት ተራ፣ በቲማቲምና በሽንኩርት ንግድ ያደገ ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር አብሮ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድ አብሮ ሄደ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ከአንድ ሸሪኩ ጋር ገንዘብ አዋጥተው ይሠሩ ነበር። ሸሪኩ ጸሎተኛ ነው፤ "ሃሌ ሉያ" ከአፉ አይጠፋም። አንድ ቀን በእግዚአብሔር ስም ምሎ ብሩን ተቀበለና ከመቂ ጭነት ላመጣ ብሎ ወጣ። ሰውየውም አልተመለሰ፣ ብሩም አልተመለሰ፣ ቲማቲሙም አልመጣ።

እንግዲህ ይህ ወንድም እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "ፓስተር፣ እግዚአብሔር ካለ ይህን አይቷል ወይስ አላየም? ካየ ለምን ዝም አለ? አስቀድሞ ያውቅ ከነበረ ደግሞ ሰውየው የተጻፈለትን ነው ያደረገው። ታዲያ በምን ይፈረድበታል? እኔ ከእንግዲህ የሚያይ የለም ብዬ ነው የምኖረው። እንደሌላው ሰው ደህናውን ከሳጥኑ ላይ፣ የበሰበሰውን ከሥር አድርጌ እሸጣለሁ።"

ወገኖቼ፣ እኔን ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ቃል ነው። ሰው በእግዚአብሔር ላይ የሚያነሣው ክርክር ሻይ ቤት ተጀምሮ ሻይ ቤት አይቀርም። ነገ ጠዋት ሳጥኑ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ጥያቄው ኃጢአት አይደለም

በመጀመሪያ፣ ይህን በመጠየቅህ እግዚአብሔር አይቆጣህም። ኢዮብ ጠይቋል። ዕንባቆም ግፍ እያየህ እስከ መቼ ዝም ትላለህ ብሎ ተሟግቷል። አሳፍም በመዝሙር 73 ላይ ክፉዎች ሲደላቸው አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደቀረው ተናግሯል። እነዚህን ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ አልደበቃቸውም፤ ጩኸታቸውን ጽፎ አስቀመጠልን።

በአገራችንም ጥያቄው የቆየ ነው። "ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ" የሚባለውን የግእዝ መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ደራሲው ማን እንደሆነ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። መጽሐፉ ግን የሚተርከው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ሰው በሃይማኖት ምክንያት በሚተላለቅበት ጊዜ፣ ሸሽቶ ዋሻ ስለገባ አንድ ሰው ነው። እግዚአብሔር ካለ በስሙ የሚዋሹትንና የሚገድሉትን ለምን ይታገሣል ብሎ ይመረምራል። እኔ ከዚያ መጽሐፍ ጋር ብዙ ቦታ አልስማማም። ሆኖም ሰውየው በዋሻው ውስጥ እግዚአብሔር የለም ወደሚል መደምደሚያ አልደረሰም። ፈጣሪ እንዳለ፣ ለሰውም ክፉና ደጉን የመምረጥ ፈቃድ እንደሰጠው ነው የደመደመው።

ቁጣህ ራሱ ይመሰክራል

ወንድሜ ሆይ፣ ሸሪክህ ሲክድህ ለምን ተቆጣህ? ብር ስለጎደለህ ብቻ ነው? መኪና ተገልብጦ ጭነቱ ቢጠፋም ብሩ ይጎድል ነበር፤ ታዝናለህ እንጂ መኪናውን ከሃዲ አትለውም። ሸሪክህን ግን "በደለኝ" ትላለህ። በደል የሚባል ነገር ካለ፣ የተዛባ ልክ አለ ማለት ነው። ልኩን ማን አወጣው?

አንዳንዱ "ሰዎች ተስማምተው ያወጡት ነው፤ ለማኅበራዊ ኑሮ እንዲመች" ይላል። ጥሩ፣ እንፈትነው። የአንድ ተራ ነጋዴዎች በሙሉ ተሰብስበው ከዛሬ ጀምሮ ከየኪሎው መቶ መቶ ግራም እንቀንስ ብለው ቢስማሙ፣ ነገሩ ትክክል ይሆናል? አመሻሽ ላይ የተረፈውን በርካሽ ለመግዛት የምትመጣው እናት አልተሰረቀችም? ተሰርቃለች! ገበያው ሁሉ ቢስማማም ተሰርቃለች። ስለዚህ ልኩ ከስምምነታችን በላይ ነው።

"እግዚአብሔርን የማያምኑ ሐቀኞች የሉም ወይ?" የሚል ይኖራል። አሉ እንጂ! በሚዛን የማያጭበረብሩ የማያምኑ አሉ፤ እየጸለዩ የሚያጭበረብሩም አሉ፤ ይህ ለእኛ ለአማኞች ትልቅ ኀፍረት ነው። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 2 ሕጉ በሰው ልብ እንደተጻፈ የሚያስረዳው ለዚህ ነው። የማያምን ሰው በትክክል መመዘን ይችላል። የእኔ ጥያቄ ሚዛኑን በልቡ ያስቀመጠው ማን ነው የሚል ነው።

ጠለቅ ያለ አድማጭ ደግሞ "እግዚአብሔር ነገ 'ስረቁ' ቢል ስርቆት ጽድቅ ይሆናል ወይ?" ይላል። ዘሌዋውያን 19ን ቁጥር 35 እና 36 ክፈቱ። እግዚአብሔር እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ ይሁንላችሁ ካለ በኋላ ምክንያቱን ሲሰጥ ማንነቱን ነው የሚናገረው። አያችሁ? ትእዛዙ በዘፈቀደ የወጣ አይደለም፤ የመነጨው ከባሕርዩ ነው። እውነተኛ ስለሆነ እውነትን ያዝዛል። ራሱን ሊክድ ስለማይችል ስርቆትን ጽድቅ አያደርግም። አብርሃምም በዘፍጥረት 18 ስለ ሰዶም ሲማልድ፣ የምድር ሁሉ ዳኛ ቅን ፍርድ እንደሚሰጥ ተማምኖ ነው የተሟገተው።

ማወቅ ማስገደድ አይደለም

"አስቀድሞ ካወቀ ሰውየው ምን ያድርግ?" ወደሚለው እንምጣ። ልምድ ያለው ነጋዴ ሰማዩን አይቶ፣ የመንገዱን ሁኔታ ሰምቶ፣ ሽንኩርት እንደሚወደድ ያውቃል። ሽንኩርቱን ያስወደደው የእሱ ማወቅ ነው? አይደለም። "ፓስተር፣ ነጋዴው እኮ ይገምታል፤ እግዚአብሔር ግን አይሳሳትም" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ምሳሌው እዚህ ላይ ያጥራል። እንግዲያው ወደ ትናንት እንሂድ። ትናንት ማታ የበላችሁትን እርግጠኛ ሆናችሁ ታውቃላችሁ። ይህ የማይሳሳት እውቀታችሁ ግን ያንን ምግብ እንድትበሉ አላስገደዳችሁም። ስለመረጣችሁ ታወቀ እንጂ ስለታወቀ አልመረጣችሁም። እኛ ትናንትን በምናይበት እርግጠኝነት እግዚአብሔር ነገን ያያል።

ምሥጢሩ በዚህ ሁሉ ተፈታ አልልም። ዘዳግም 29፥29 የተሰወረው ነገር የእግዚአብሔር፣ የተገለጠው ግን የእኛ እንደሆነ ይነግረናል። የተገለጠው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ምዕራፍ ሕይወትና ሞት በፊታችሁ ቀርቧል፣ ምረጡ ይለናል። የማይመርጥ ፍጡር ምረጥ አይባልም።

ለምን አያስቆመውም?

በሐሰት የሚምል እጅ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ቢሽመደመድ፣ ውሸት የሚናገር ምላስ ሁሉ ቢደርቅ፣ በከተማው ስንት ጤነኛ እጅና ስንት ጤነኛ ምላስ ይተርፍ ነበር? እግዚአብሔር ክፋትን ዛሬውኑ ይንቀል ስንል ከጎረቤት እንዲጀምር ነው የምንፈልገው። በ2ኛ ጴጥሮስ 3፥9 መሠረት ግን የሚዘገየው ሰው ሁሉ ንስሐ እንዲገባ ስለሚታገሥ ነው።

ነገር ግን ተጠንቀቁ! ይህ መልስ ለሁሉም ሐዘን አይሆንም። ልጇን በበሽታ ለቀበረች እናት "ነጻ ፈቃድ ነው" ብሎ መስበክ ጭካኔ ነው። በሽታን ማንም አልመረጠም። ቃሉ በሮሜ 8 ፍጥረት ሁሉ በመቃተት ላይ እንዳለ ይናገራል፤ የእያንዳንዱን መቃተት ምክንያት ግን አልዘረዘረልንም። ጌታ ኢየሱስም በአልዓዛር መቃብር ፊት ትንታኔ አላቀረበም፤ አለቀሰ። ከለቀስተኛ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ አንዳንዴ ትልቅ ስብከት ነው።

በዚያች ዕለት የመረጡት ሁለት ወገኖች

ሩቅ አገር ሳንሄድ እዚሁ አዲስ አበባን እንይ። በደርግ ዘመን "እግዚአብሔር የለም" የሚለው ትምህርት በየውይይት ክበቡ ይሰጥ ነበር። በዚያ ጊዜ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር። እሳቸው ግን ከምእመናኑ ጋር መቅረትን መረጡ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እግዚአብሔር የገዳዮቹን እጅ ለምን አልያዘም? እኔ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አያለሁ። በዚያች ዕለት ሁለት ወገኖች በነጻ ፈቃዳቸው መርጠዋል፦ አንዱ መግደልን፣ ሌላው መታመንን። ክፋት መምረጥ የማይችል ሰው በፍቅር መታመንንም መምረጥ አይችልም። ምርጫውን አጥፉት ብትሉ የገዳዩ ክፋት ብቻ አይጠፋም፤ የቄስ ጉዲና ታማኝነትም አብሮ ይጠፋል።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ብሏል። ሰው የተጻፈለትን ብቻ የሚፈጽም ቢሆን ያ ችሎት ምን ትርጉም ነበረው? ሰውን ለፍርድ ማቅረብ "ልትተወው ትችል ነበር" ማለት ነው። በልባችን ሁላችንም ይህን እናውቃለን። የምድር ፍርድ ቤት ያላያቸው ብዙ እንባዎች ደግሞ ሌላ ችሎት ይጠብቃሉ።

ሁሉም የተገናኘበት ቦታ

የእግዚአብሔር ማወቅ፣ የሰው ነጻነትና የክፋት ጥያቄ አንድ ላይ የተገናኙት በመስቀሉ ላይ ነው። ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ 2፥23 ስለ ኢየሱስ ሲሰብክ፣ ሞቱ በእግዚአብሔር አስቀድሞ የታወቀ መሆኑንም፣ የሰቀሉት ሰዎች በደለኞች መሆናቸውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል። አንዱን ለማዳን ሌላውን አልጣለም። እግዚአብሔር ክፋትን ከሩቅ ሆኖ አልተመለከተም። መጥቶ በሐሰት ተመሰከረበት፣ በሠላሳ ብር ተሸጠ፣ በወዳጁ ተከዳ። መከዳት ምን እንደሆነ ያውቃል! በሦስተኛው ቀን ግን ተነሣ፤ የመጨረሻው ቃል የከሃዲዎቹ አልሆነም።

ወንድሜ ሆይ፣ ብርህ ይመለሳል ብዬ የሐሰት ተስፋ አልሰጥህም። መብትህን በሕግ ጠይቅ፤ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ሸሪክህ ብርህን ወሰደ እንጂ ሳጥንህን አልወሰደም። ነገ ከሥር የበሰበሰውን ብትደረድር፣ ያቺ የማታውቅህ እናት "እግዚአብሔር አየ ወይስ አላየም?" ብላ የምትጠይቅበት ሰው አንተ ትሆናለህ።

ደግሞ ማን ያውቃል፣ ያ ሸሪክ ይህን እያነበብህ ይሆናል። አንተም ተጽፎብኝ ነው አትበል። ዘኬዎስ በሉቃስ 19 ላይ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ፤ መዳንም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ገባ። መንገዱ አሁንም ክፍት ነው። ስልኩን አንሣና ደውልለት።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ? አንቺስ? የሁላችን ፈቃድ በኃጢአት ታስሯል፤ በጉልበታችን አንፈታውም። ነጻ የሚያወጣው ልጁ ኢየሱስ ነው። በልብህ ከወሰንህ፣ በልብሽም ከወሰንሽ፣ ባላችሁበት ሆናችሁ አብራችሁኝ ጸልዩ፦

"ጌታ ሆይ፣ ሌላውን የምመዝንበት ሚዛን እኔንም አቅልሎ አግኝቶኛል። ኢየሱስ ስለ እኔ እንደሞተና እንደተነሣ አምናለሁ። ይቅር በለኝ። የተጎዳሁበትን ለአንተ እሰጣለሁ፤ የጎዳሁትን እንድክስ ብርታት ስጠኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነኝ። አሜን።"

ይህን የጸለያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ወንጌል ወደሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ ብቻችሁን አትቆዩ። ወረቀቱንም አትጣሉት፤ ለሚቀጥለው ሰው አሳልፉት። ጌታ ይባርካችሁ።