ወንፊትና ቁና
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ፈተና ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዱ እንደ ቁና ነው፤ ተማሪው የያዘውን ይሰፍራል። ሁለተኛው እንደ ወንፊት ነው፤ ጥቂቱን አሳልፎ ብዙውን ያስቀራል። የሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት በየትኛው ይመራ ለሚለው ጥያቄ ፈረንሳይ ጥሩ ምስክር ናት። ዓመቶቹን በአውሮጳ አቈጣጠር እጠራለሁ።

በዚያ አገር ከ1971 ጀምሮ ወደ ሁለተኛ ዓመት የሚያልፉት ተማሪዎች ቍጥር አስቀድሞ በመንግሥት ይወሰን ነበር። ከ2010 እስከ 2020 የሕክምና፥ የጥርስ፥ የመድኃኒት ቅመማና የአዋላጅነት ዕጩዎች የመጀመሪያውን ዓመት በአንድነት ተማሩ። ትምህርታቸው ኬሚስትሪ፥ የሴል ጥናት፥ ፊዚክስ፥ ስታቲስቲክስ፥ አናቶሚና የመሳሰለው ነበር። ውድድሩ በየመንፈቁ መጨረሻ ይደረጋል፤ አብዛኛው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛውን መምረጥ ነው። ከተወሰነው ቍጥር በታች የዋለ፥ ትምህርቱን ቢያውቅም እንኳ፥ አላለፈም። መድገም የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ነበር፤ ያም ካልሆነለት ብዙው ሌላ ትምህርት እንደ ገና ከሥሩ ይጀምራል።

በ2019 ሕግ ወጣ፤ በ2020 አዲሱ ሥርዓት ተጀመረ። ተማሪው ከጤና ትምህርት ጋር እንደ ሕግ ወይም እንደ ኢኮኖሚክስ ያለ ሌላ ትምህርት በጎን ይይዛል። በጽሑፍ ፈተና እጅግ የበለጡት በቀጥታ ይገባሉ፤ ተከታዮቻቸው የቃል ፈተና ይጨመርባቸዋል። ዓመቱን መድገም ቀርቷል፤ ነገር ግን ነጥቡን አሟልቶ ቦታ ያጣ ሰው በጎን በያዘው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ዓመት አልፎ፥ ከዚያ ሆኖ አንድ ጊዜ ደግሞ መወዳደር ይችላል።

እንግዲህ ወንፊቱ አልተወገደም፤ የቀረው ግን እንዳይጣል ዕቃ ተዘረጋለት። እኔ የምለው ከዚህም አንድ እርምጃ ያልፋል። ወንፊት ዱቄት ይነፋል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። ቦታ ጠቦ ማጣራት ግድ ከሆነ በበር ላይ ይሁን፤ ከገቡ በኋላ ግን የማለፊያው ልክ አስቀድሞ ይታወቅ፥ የታረመውም ወረቀት ስሕተቱ እየተገለጸ ለተማሪው ይመለስ። ለጓደኛው ማስታወሻውን ማዋስ የሚፈራ ተማሪ፥ ነገ ከሌላ ሐኪም ጋር መመካከርን ከማን ይማራል? ሕመምተኛ ሐኪሙን «ስንተኛ ወጣህ» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ሥራውን ማወቁን ነው።